ማን ቀድሞ ይናገር?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 አኔት ኦብሬስታድ የተባለች የ18 ዓመት ኖርዌጂያዊት በኢንተርኔት በተካሄደ የ180 ሰዎች የፖከር ውድድር አንደኛ ወጣች። ውድድሩ ትንሽ ነበር፤ ወሬው የገነነው በአጨዋወቷ ነው። የራሷን ካርታ የሚያሳየውን የስክሪኑን ክፍል ሸፍና ተጫወተች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካርታዋን አጮልቃ ያየችው አንዴ ብቻ እንደሆነም ተናግራለች። በሁለት ወሩ ለንደን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአውሮፓ የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድር ቀርባ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደች። በማግስቱ 19 ዓመት ሞላት።

ካርታ ያላየ ሰው ምን አይቶ ያሸንፋል? የፖከር ሰዎች መልሳቸው አጭር ነው፦ የሌሎቹን ሁኔታና የራሱን ወንበር። ማን ከማን በፊት እንደሚናገር ማወቅ በዚህ ጨዋታ ከካርታው ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ይህን ጉዳይ የቁማርተኞች ብቻ አድርጎ መተው ግን ያስቆጫል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለምሳሌ ከጎተራ እስከ ጀሞ ባለው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈር፣ ሰው በየሳምንቱ በዕቁብ፣ በዕድር፣ በጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበርና በወረዳ አዳራሽ ይሰበሰባል። በነዚህ ሁሉ ላይ አጀንዳው ምን እንደሆነ በደንብ ይጠየቃል፤ ማን ቀድሞ፣ ማን መጨረሻ እንደሚናገር ግን የሚጠይቅ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው፤ የመናገር ተራ ሥልጣን ነው፣ ሥልጣን ከሆነ ደግሞ መዞር አለበት።

መጀመሪያ ጨዋታውን። ዛሬ በብዛት የሚታወቀው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ በድብቅ ይታደለዋል፤ 5 ካርታዎች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በየደረጃው ይገለጣሉ፤ እነሱ የሁሉም ናቸው። በየደረጃው ተጫዋቾቹ በተራ ይናገራሉ፦ ገንዘብ ያስይዛሉ፣ የተያዘውን ይከተላሉ፣ ከፍ ያደርጋሉ፣ ወይም ካርታቸውን ጥለው ይወጣሉ። የተራውን መነሻ የሚወስነው በተን የሚባል ትንሽ ክብ ምልክት ነው። በተኑ ፊቱ የተቀመጠ ሰው ጠረጴዛው ላይ ካርታ መገለጥ ከጀመረ በኋላ ባሉት ዙሮች ሁሉ መጨረሻ ይናገራል። ከእሱ በስተግራ ያሉት ሁለቱ ካርታቸውን ሳያዩ በግድ ገንዘብ ያስይዛሉ። በመጀመሪያው ዙር ቀድሞ አፉን የሚከፍተው ከነሱ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ሰው ነው፤ ጠረጴዛው የዘጠኝ ሰው ከሆነ ያልተናገሩ ስምንት ሰዎች ከኋላው አሉ።

ይህ ሦስተኛ ሰው የልብ ዘጠኝና የልብ ስምንት ደረሰው እንበል። ጠንቃቃ ከሆነ ይጥላቸዋል። ካርታዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከስምንቱ አንዱ ትልቅ ካርታ ይዞ ቢጠብቀውስ? ያው ሰው በተኑ ፊቱ ሆኖ፣ ከእሱ በፊት ያሉት ሁሉ ጥለው ቢወጡ፣ በዚያው ዘጠኝና ስምንት ገንዘብ አስይዞ ያጠቃል። ካርታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያውቀው ነገር ብዛት ነው። የጨዋታው መምህራን በዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ከፊት ወንበር ላይ ከአሥር እጅ (እጅ ማለት ካርታ ከታደለ ጀምሮ እስኪያልቅ ያለው አንድ ጨዋታ ነው) አንድ ወይም ሁለት ቢጫወቱ ይበቃል ይላሉ፤ ከበተኑ ወንበር ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን መጫወት ይቻላል።

መጨረሻ የሚናገር ሰው ሦስት ነገር ያተርፋል። የፈራውንና የደፈረውን አስቀድሞ ያያል። ሁሉም ዝም ካሉ እሱም ዝም ብሎ ቀጣዩን ካርታ በነፃ ያያል። ባዶ እጁን ሙሉ አስመስሎ ሲያስፈራራም የሚያምነው ያገኛል፣ ምክንያቱም ከእሱ በፊት የተናገሩት ድክመታቸውን አሳይተዋል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ወንበር መምረጥ ሲፈቀድላቸው ገንዘቡን እንደ ውኃ ከሚረጨው ሰው በስተግራ የሚቀመጡት ለዚህ ነው። እሱ ይናገራል፣ እነሱ ሰምተው ይወስናሉ።

ወንበሮቹ እንግዲህ እኩል አይደሉም። ሆኖም ጨዋታው ፍትሐዊ ነው፤ አንድ እጅ ባለቀ ቁጥር በተኑ አንድ ወንበር ወደ ግራ ይሄዳል። ዛሬ ከፊት የተቀመጠው ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ይቀመጣል፤ ማንም ከግዴታው አያመልጥም፣ ማንም ጥቅሙን ለብቻው አይዝም። በተኑ አንድ ሰው ፊት ተቸንክሮ ቢቀር ጨዋታውን የሚያውቅ ሁሉ ወንበሩን ትቶ ይነሣል።

ጽሑፉ ለቁማር ጥብቅና አይቆምም። በስፖርት ውርርድ ቤቶች የሚቆመው ወጣት እንኳ የመጨረሻውን ወንበር ጥቅም አያገኝም። እውነት ነው፣ ቤቱ ዋጋ ይቆርጣል፣ ወጣቱ ዋጋውን አይቶ መጨረሻ ይናገራል። ግን ቤቱ ዋጋውን ሲቆርጥ የራሱን ትርፍ ቀድሞ አስገብቷል፤ የመጨረሻውን ወንበር ኪራይ ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ ይቆርጣል።

ከኋላ መሆን ምን እንደሚያስገኝ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ከፖከር ይልቅ አትሌቲክስ ይቀላል። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ከሌሎቹ ተነጥላ ስትወጣ የተከተለቻት ደራርቱ ቱሉ ብቻ ነበረች። ማየር መምራቱን ተካፍለው እንዲሮጡ ደራርቱን ወደ ፊት ጋበዘቻት። ደራርቱ አልወጣችም። ነፋሱን ማየር እየከፈለችላት፣ እርምጃዋንና ድካሟን ከጀርባ እያነበበች ዙር በዙር ተከተለቻት። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ አልፋት ሄደች፤ 31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ ገባች፣ ማየር ከ5 ሰከንድ በላይ ዘግይታ ተከተለች።

ከስምንት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ፣ በወንዶች 10 ሺህ ሜትር፣ ሂሳቡ ይበልጥ ጠበበ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የመጨረሻው ዙር ከግማሽ በላይ እየቀረው ቀድሞ ፈተለከ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ምን ያህል እንደቀረው፣ ቴርጋት ምን ያህል እንደሰጠ እያየ ተከትሎ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አለፈው። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውንና ሁለተኛውን የለያየው 12 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ 25 ዙር የፈጀው ውድድር ከአጭሩ ይበልጥ ተቀራርቦ አለቀ።

የዚህ ሕግ ማፍረሻም ከቤት አይጠፋም። ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በሴቶች 10 ሺህ ሜትር አልማዝ አያና እስከ መጨረሻው ዙር ከኋላ ሆና አልጠበቀችም። ገና ብዙ ዙር እየቀረ ከፊት ወጥታ 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጠች፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ማንም ያልደረሰበትን የቻይናዊቷን የዋንግ ጁንሺያን ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ገደማ አሻሻለች። እጁ ሁሉን የሚያሸንፍ ሰው ወንበሩ አያስጨንቀውም። ወንበር የሚወስነው አቅማቸው ተቀራራቢ በሆኑ ሰዎች መካከል ነው፤ አብዛኛው የሰው ጉዳይም በዚያው ይወድቃል።

የተራን ክፋት ከሥሩ ለማስቀረት የሞከረ ጨዋታም በኢትዮጵያ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ባሳተሙት ጽሑፍ የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ (ቼዝ) ታሪክና ደንብ አሰናድተዋል። ጨዋታው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። ከዓለም ሰንጠረዥ የሚለየው በአጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ተራ ሳይጠብቅ፣ እጅ ለእጅ እየተሻሙ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ አሰላለፉን ይቀይራል፤ የመጀመሪያው ያንን አይቶ እንደገና ያስተካክላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው።

ወረራን ከፖከር ጎን ለጎን ያየ ሰው ብልሃቱን ያደንቃል። ማንም ቀድሞ እንዲናገር አይገደድም፤ ሁለቱም መጨረሻ ለመናገር ይሽቀዳደማሉ። የመጀመሪያዋን ጠጠር የበላ ሰው አንድ ነገር አግኝቶ አንድ ነገር ያጣል፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላ አሰላለፍን እንደልብ መቀየር የለም። ዛሬ ሳሪስ ወይም ጀርመን አደባባይ አካባቢ የታክሲ ረዳቶች ተራቸው እስኪደርስ በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ ይህ ነፃነት የለውም። እዚያ ማን እንደሚጀምር ሳይስማሙ አይጀመርም፤ አጃቢው ሁሉ ሲጮህ ሰሌዳው በጭቅጭቅ ሊበተን ይችላል።

ሌላው መንገድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማናገር ነው። የታሸገ ጨረታ ማለት ይህ ነው። መንግሥት ሁለት አዲስ የቴሌኮም ፈቃዶችን ለጨረታ ሲያቀርብ የቀረቡት ሁለት ተጫራቾች ብቻ ነበሩ። በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር በየፖስታቸው ጽፈው አስገቡ። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሳፋሪኮሙ ቡድን መሰጠቱ ተገለጸ፤ የኤምቲኤን ዋጋ ተቀባይነት አላገኘም። በሁለቱ መካከል የነበረው 250 ሚሊዮን ዶላር የካርታ ልዩነት ብቻ አይደለም። የሌላውን ሳያዩ የመናገር ዋጋም ነው። ሳፋሪኮም የተፎካካሪውን ፖስታ ቀድሞ ቢያነብ 850 ይጽፍ ነበር ብሎ የሚሟገት ነጋዴ አይገኝም። ጨረታ ከመከፈቱ በፊት የአንዱ ዋጋ ለሌላው ሾልኮ ወጣ ሲባል ወንጀል የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ሳይገባው በተን ተሰጥቶታል።

ዕቁብ ደግሞ ተራን በዕጣ ያድላል። በወር 10 ሺህ ብር የሚጥሉ 12 አባላት ቢኖሩ ሁሉም 120 ሺህ ብር ያወጣሉ፣ ሁሉም 120 ሺህ ብር ያገኛሉ። ግን የዋጋ ንረት በዓመት 30 በመቶ በሆነበት ጊዜ የአሥራ ሁለተኛው ሰው 120 ሺህ ብር የሚገዛው በመጀመሪያው ወር 94 ሺህ ብር አካባቢ ይገዛ የነበረውን ነው። እዚህ ጨዋታ ላይ ከፖከር በተቃራኒ ከፊት መሆን ያዋጣል። አባላቱ ይህን ስለሚያውቁ ነው ዕጣ የሚጣለው፣ ስለሚያውቁም ነው ቀድሞ የደረሰው ሰው ለቸገረው ባልንጀራው ዕጣውን የሚሸጠው። ዳኛውና ጸሐፊው ሁልጊዜ አንደኛና ሁለተኛ ቢወስዱ ዕቁቡ ዓመት አይዘልቅም። ይህ ሁሉ ብልሃት ያለው ማኅበረሰብ ገንዘብ ላይ የሚያሳየውን ጥንቃቄ ቃል ላይ አያሳይም።

በአዲስ አበባ አዳራሾች የተለመደውን የነዋሪዎች መድረክ አካሄድ የማያውቅ የለም። ፊት ለፊት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውኃ አለ፤ ከበላዩ ባነር ተሰቅሏል። ነዋሪው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፤ የመወያያ ሰነድ በፕሮጀክተር እየታየ ይነበባል። ጥሪው ለሦስት ሰዓት ከሆነ ሰነዱ ሲያልቅ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረውም። ከዚያ «አሁን መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው» ይባላል። እጆች ይወጣሉ። «ጊዜ ለመቆጠብ አምስት አምስት ጥያቄ እንውሰድ፤ አንድ ሰው ከሦስት ደቂቃ በላይ ባይወስድ» ይላል ሰብሳቢው። ከመድረኩ አንዱ ማስታወሻ ይይዛል። አምስቱ ተጠይቀው፣ አምስቱ ተጨምረው ካለቁ በኋላ መድረኩ በአንድ ላይ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ከአሥሩ ስድስቱን ይመልሳል፣ ሁለቱን «የበላይ አካልን ይመለከታል» ይላል፣ ሁለቱ ይረሳሉ። የተረሳበት ሰው እጁን ቢያወጣ ሰዓቱ አልፏል። የጋራ መግባባት ላይ መደረሱ ተገልጾ ስብሰባው ይዘጋል።

ይህን ሥርዓት አንድ የፖከር ተጫዋች ቢያየው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በተኑ መቼ ነው የሚዞረው? መድረኩ መጀመሪያ ተናግሮ የውይይቱን ድንበር ያሰምራል፣ መጨረሻ ተናግሮ የትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚገባው ይመርጣል። ሁለቱንም ጫፍ ለዘለቄታው የያዘ ሰው በፖከር ጠረጴዛ የለም። ነዋሪው የተሰጠው መሃሉ ነው፤ ተናግሮ መልስ የሌለው፣ መልስ ሰምቶ መልሶ የማይናገርበት ቦታ።

እንዲህ ዓይነት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንደ ጠንቃቃ ቁማርተኛ ይሆናል፦ ትልቅ ካርታ ካልያዘ ይጥላል። ትልቁ ካርታ በስብሰባ ቋንቋ ወይ ሞቅ ያለ ምስጋና ነው ወይ አዳራሹን የሚያናጋ ብሶት። መሃል ላይ ያለው ትንሽና ትክክለኛ ነገር አይነገርም። ከሕንፃው ጀርባ ያለው መብራት ከጠፋ መቆየቱ፣ ክዳኑ የተሰረቀው ጉድጓድ የትምህርት ቤት መንገድ ላይ መሆኑ፣ ውኃ በፈረቃው ቀን እንኳ ሦስተኛ ፎቅ አለመድረሱ፣ እነዚህ ዘጠኝና ስምንት የሆኑ ካርታዎች ናቸው። ባለቤታቸው «ይሄን ብዬ ደግሞ ሰው ፊት ልዋረድ?» ብሎ ይጥላቸዋል። ኪሳራው የነዋሪው ብቻ ከመሰለ ስህተት ነው። መድረኩ ላይ ያለው ኃላፊ ግማሽ ቀኑን ሰውቶ አዳራሹን የሞላው የሰውን ሐሳብ ሊሰማ ከሆነ፣ ራሱ ቀድሞ በመናገሩ ሊሰማው የመጣውን ነገር አስጥሎታል። ሰነዱ ከተነበበ በኋላ የሚመጣው አስተያየት በአብዛኛው ስለ ሰነዱ ነው።

የተሻለ አካሄድ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እና 1771 ጎንደር ነበር፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የንጉሡን ሸንጎ አካሄድ ገልጿል። ድምፅ መስጠት የሚጀመረው በማዕረግ ከሚያንሰው ሹም ነበር። ከእሱ የሚበልጠው ይቀጥላል፣ እንዲህ እያለ እስከ ታላላቆቹ ይወጣል። ንጉሡ ከሸንጎው ፊት ተሰውረው ይሰማሉ፤ ሁሉም ከተናገረ በኋላ ፍርዳቸውን የሚያሰማላቸው ቃለ ዐፄ የተባለው ባለሟል ነው። በጥንታዊው የአይሁድ ሸንጎም የሞት ፍርድ በሚያስከትል ክስ ድምፅ የሚጀመረው ከዳር ከተቀመጡት ታናናሾች ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ታላቁ ቀድሞ «ይሙት» ካለ ታናሹ «ይኑር» ለማለት አፉ አይላቀቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በዝግ ሲመክሩ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፦ ዋናው ዳኛ ይጀምራሉ፣ ሌሎቹ በሹመት ዕድሜያቸው ይከተላሉ። እነሱ ግን ሹመታቸው የዕድሜ ልክ ነው፣ ዋናው ዳኛ ከሥራ ሊያባርራቸው አይችልም። የጎንደሩ ሹም ይህ ዋስትና አልነበረውም።

እዚህ ላይ የጎንደርን ሸንጎ ማሞካሸት ይቀላል፤ ሙሉ ስዕሉ ግን ሁለት ገጽ አለው። ንጉሡ ሁሉን ሰምተው መጨረሻ ይናገራሉ፤ በተኑ ሁልጊዜ እሳቸው ፊት ነው፣ አይዞርም። ቀድሞ የሚናገረው ትንሽ ሹምም ከፊት ወንበር ነው የተቀመጠው፤ ንጉሡ የሚፈልጉትን ገምቶ ያንኑ ማለት ይችላል፣ ነፍሱን የሚወድ ያደርገዋልም። ተራውን መገልበጥ ብቻውን ፍርሃትን አያጠፋም። አንድ ነገር ግን ያደርጋል፤ ታናሹ ቢያንስ መገመት ይኖርበታል፣ የሰማውን መድገም አይችልም። ተሳስቶም ቢሆን የራሱ የሆነ ነገር ሊያመልጠው ይችላል፣ ለሰሚው የሚጠቅመውም ያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰነዱ ከመነበቡ በፊት ነዋሪው ይናገር። ሰነዱ ቀደም ብሎ በወረቀት ወይም በቴሌግራም ሊታደል ይችላል፤ ፕሮጀክተሩ ፊት ሁለት ሰዓት መቀመጥ ግዴታ አይደለም። ሁለተኛ፣ አምስት አምስት ጥያቄ መሰብሰብ ይቅር። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዚያ ጠያቂው «ተመልሶልኛል» ወይም «አልተመለሰም» የሚልበት ግማሽ ደቂቃ። ሦስተኛ፣ የመዝጊያው ቃል ከመድረኩ በኋላ ለአንድ ነዋሪ ይሰጥ፤ ማን እንደሆነ እዚያው በዕጣ ይወሰን፣ ዕጣ መጣል ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ሥራ አይደለም።

ተቃውሞው የታወቀ ነው። ጊዜ ይፈጃል ይባላል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚነበብ ሰነድ ግን ጊዜ ይፈጃል ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ሥርዓት ይጠፋል ይባላል፤ ተራው አስቀድሞ የታወቀ ስብሰባ ሰብሳቢው ዓይኑ ያረፈበትን ብቻ ከሚያናግርበት ስብሰባ ይልቅ ሥርዓት አለው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፦ ታላቅ እያለ ታናሽ ቀድሞ መናገሩ ነውር ነው የሚለው። አባቶች መርቀው ስብሰባ መክፈታቸው ይቀጥል፤ ምርቃት የማንንም ሐሳብ አይዘጋም። ሐሳብ መስጠት ሲመጣ ግን ታላቁ ሁሉን ሰምቶ መጨረሻ ቢናገር ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በጎንደር ሸንጎ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የነበረውን ተራ ያወጡት ለማዕረግ ግድ የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም።

የወረዳ መድረክ እስኪለወጥ መጠበቅ ሳያስፈልግ ሙከራውን ሊጀምሩ የሚችሉት በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋና በመካኒሳ የሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበራት ናቸው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶቹ በማኅበር ተደራጅተው የጋራ ይዞታቸውን እንዲያስተዳድሩ ያደርጋል፤ ጉባኤያቸውን ማን እንደሚጀምር ለመወሰን የማንንም ፊርማ አይጠብቁም። ችግሩም እጃቸው ላይ ነው። የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ለመግዛት መዋጮ ይጣል የሚል አጀንዳ መጣ እንበል። ምድር ቤት ያለው ባለ ሱቅ ውኃ ያለ ፓምፕም ይደርሰዋል። እሱ ቀድሞ ተነሥቶ «ኑሮው በተወደደበት በዚህ ጊዜ?» ካለ አዳራሹ ያጉረመርማል፣ አራተኛ ፎቅ በጀሪካን ውኃ የምትሸከመው እናት ጉዳይ ሳይነሣ አጀንዳው ይታለፋል። እሷ ብትጀምር ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቀጣዩ ወር የጥበቃ ደመወዝ ሲነሣ ደግሞ ሌባ የሚፈራው ባለ ሱቁ ነው፤ ያን ጊዜ የሱ ወለል ቀድሞ ቢናገር አጀንዳው ከጉዳዩ ባለቤት ይጀምራል።

ስለዚህ ተራው በወለል ይዙር። ዛሬ ከአራተኛ ፎቅ ከተጀመረ በቀጣዩ ጉባኤ ሦስተኛ ይጀምራል፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ ምድር ቤት፣ እንደገና አራተኛ። ሰብሳቢው የየትኛውም ወለል ነዋሪ ቢሆን የራሱን ሐሳብ ከሁሉም በኋላ ይናገር፤ ሰብሳቢነቱም በየዓመቱ ወለል ይቀይር። ለዚህ በጀት አይያዝም፣ አማካሪ አይቀጠርም። ጸሐፊው ከቃለ ጉባኤው ቀንና ከተገኙት አባላት ስም ዝርዝር ሥር ሁለት መስመር ይጨምር፦ ዛሬ የጀመረው ወለል፣ በሚቀጥለው የሚጀምረው ወለል።